የጀማሪ መሐንዲስ ቅጥር ፈተና፦ ከማስታወቂያ ሰሌዳው እስከ ፈታኙ ወንበር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራ ቅጥር አንድ ነገር በይልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ልል ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ጣና ዳር ሽርሽር እንጂ ስለ ፈተና መስማት አይፈልግም። በኋላ ግን ዘንድሮ ከተመረቁት ብዙዎቹ እንደሚመጡ ነገሩኝና እሺ አልኩ። እነሱ ዛሬ ከሳቁና ከፎቶው በኋላ ነገ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱት ሥራ ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ ሀያ ደቂቃ ለእነሱ ብንሰጥ ይገባል።

እኔ ከፖሊ ግቢ በሲቪል ምህንድስና የተመረቅሁ ነኝ። በ2003 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀማሪ መሐንዲስነት ተፈትኜ ገባሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ክፉውንም ደጉንም ስለማወራ ሳይጠራ ይቅር። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ፈተና ከሚያዘጋጁትና ከሚያርሙት አንዷ ሆኛለሁ። እንግዲህ በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል ተቀምጬአለሁ ማለት ነው። ከሁለቱም በኩል ያየሁትን ልንገራችሁና በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

በእኛ ጊዜ ሥራ ፍለጋ የሚጀመረው አራት ኪሎ ነበር። ታላላቆቻችን ታስታውሱታላችሁ፤ የሕንፃው ጥግ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ በኪራይ ማንበብ። ትንሽ ቆየት ካላችሁ አከራዩ «እህቴ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» ይላል። ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ ስለሚወጣ የእኛም ሳምንት በእሑድና በረቡዕ የተከፈለ ነበር። ከአዲስ ዘመን የሚገኘው ደግሞ በየዕለቱ ይለቀማል። ከዚያ በተረፈ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ በእግር እየዞሩ ማየት ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የሚለጠፈው።

ሦስት የባች ጓደኛሞች ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አራተኛው ጓደኛችን ቤት ኪራይ የሚከፍልበት ስላልነበረው ደብረ ማርቆስ ከቤተሰቦቹ ጋር ነበር። በመካከላችን አንድ ደንብ አወጣን፦ ማናችንም ያገኘነውን ማስታወቂያ ማታ ለሁሉም እናነባለን፤ ለአራተኛውም በስልክ እንነግረዋለን። ማስታወቂያ የደበቀች የሳምንቱን ላምባ ትገዛለች። ልብ በሉ፣ ለአንድ ቦታ የምንወዳደር ሰዎች ነን። ቢሆንም ላምባ የገዛ ሰው አልነበረም።

ታናናሾቻችን፣ እናንተ ዛሬ ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ። የአነባበቡ ነገር ግን አልተለወጠም። የሁላችንም ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው «የሥራ ልምድ» ወደሚለው ዓምድ ነው፤ «0 ዓመት» የሚል ካለ ልብ ይመታል። ቀጥሎ ግን በደንብ አንብቡ። «በሲቪል ምህንድስና» ይላል ወይስ «በሲቪል ምህንድስና ወይም በተመሳሳይ የሙያ ዘርፍ»? የሁለተኛው አጻጻፍ በሩን ለኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂውም ለውኃ ሀብቱም ልጅ ሊከፍት ይችላል። «በ10 ተከታታይ ቀናት» ይላል ወይስ «በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት»? በመካከላቸው ቅዳሜና እሑድ አለ፤ በዓል ካለበትም ሌላ ቀን ይጨመራል። ቆጠራው የሚጀምረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ነው ወይስ ከማግሥቱ? በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ በዚህች ቃል ምክንያት የሚመለስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰነዱን በተመለከተ ሁልጊዜም ያችው ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ እንድትቀርቡ»። ትራንስክሪፕት፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ እንዲሁም ቴምፖ። ዋናው ዲግሪ ወጪ መጋራቱ ተከፍሎ እስኪያልቅ በእጃችን ስለማይገባ በቴምፖራሪ ነበር የምንዞረው። የሚያስቀው ነገር፣ ወጪ መጋራቱን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ መዝጋቢ ደግሞ ሥራውን ለመወዳደር ዋናውን ዲግሪ አምጪ ይላል። እንዲህ ሲገጥማችሁ ከመዝጋቢው ጋር አትጣሉ፤ ማስታወቂያው ላይ ምን እንደተጻፈ በትሕትና አሳዩት። ካልተስማማም የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በዚያው ይፈታል።

በ2003 የወጣው ማስታወቂያ ደረጃው ፕሣ-1፣ ብዛት 2፣ ልምድ 0 ዓመት ይል ነበር። ሁለት ቦታ! የፈተናው ቀን ስንደርስ ግቢው ሞልቶ ሰው አጥር ተደግፎ ቆሟል። የፖሊ ልጆች አለን፤ የአምስት ኪሎ ልጆች አሉ፤ ከመቀሌ፣ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሐዋሳ የመጡ አሉ። አንዳንዱ በጨርቅ ቦርሳ ልብሱን እንደያዘ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ የመጣ ነው። የደብረ ማርቆሱ ጓደኛችን ለምዝገባ አንድ ጊዜ መጥቶ ተመልሶ ነበር፤ ለፈተናው ሁለተኛ መጣ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ የአባይ በረሃ አለ። የዚያን ጊዜ አውቶቡሱ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ድልድዩን ባየሁ ቁጥር ኬብሉን እቆጥራለሁ፤ እስክንሻገር ግን ቆጥሬ አልጨርስም» ይለን ነበር።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። መታወቂያ ታየ፣ ስልክ ተሰበሰበ፣ ለእያንዳንዳችን ኮድ ተሰጠን። ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ኮድ ብቻ ነው። ለእኔ የደረሰኝ 47 ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጥያቄዎቹ እንደፈራነው አልነበሩም። ከባዱን የመዋቅር ስሌት ስናጠና ነበር የከረምነው፤ የመጣው ግን መሠረታዊው ነው። ለምሳሌ አንዱ በሁለት ጫፍ ላይ ያረፈ የ6 ሜትር ቢም በየሜትሩ 20 ኪሎ ኒውተን ጭነት ቢኖርበት መሃሉ ላይ የሚፈጠረው ሞመንት ስንት ነው የሚል ነበር። ጭነቱን በርዝመቱ ካሬ አባዝቶ ለ8 ማካፈል ነው፤ 90 ይመጣል። ዛሬ እኔ እንዲህ ያለውን ሳርም የማየው ነገር ቢኖር ግማሹ ሰው «90» ብሎ ትቶት መሄዱ ነው። 90 ምን? ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። አሃድ የሌለው ቁጥር በምህንድስና መልስ አይባልም፤ እኛም ሙሉ ነጥብ አንሰጠውም።

ሁለተኛው ስለ ቁፋሮ ነው። ስፋቱ 0.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈራል። አፈሩ ሲቆፈር 25 በመቶ ያብጣል። 12 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና ስንት ጊዜ መመላለስ አለበት? ቦዩ 48 ሜትር ኩብ ነው። የቸኮለ ሰው 48ን ለ12 አካፍሎ «4» ይላል። አፈር ግን ከመሬት ሲወጣ ይላላል፣ ቦታ ይይዛል፤ 48 የነበረው 60 ይሆናል። ስለዚህ 5 ምልልስ ነው። ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ «ለሥራ ተቋራጩ የቁፋሮው ክፍያ በስንት ሜትር ኩብ ይሰላል?» ይላል። በ48 ነው፤ ቁፋሮ የሚለካው በመሬት ላይ በነበረበት መጠን እንጂ በተከመረው አይደለምና። ይህቺን የማያውቅ ጀማሪ መሐንዲስ የክፍያ ሰነድ ላይ ቢፈርም መንግሥት 12 ሜትር ኩብ አየር ይገዛል ማለት ነው።

የወደድኩት ግን ሦስተኛውን ነው። «በሳይት ላይ አሸዋና ጠጠር የሚለካበት ሳጥን 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ለምንድን ነው?» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማኝ። በየትኛውም ሃንድ አውት ላይ አልነበረም። ነገሩን ግን አስቡት፦ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ክብደት 50 ኪሎ ነው፤ የአንድ ሜትር ኩብ ልቅ ሲሚንቶ ክብደት 1,400 ኪሎ ገደማ ነው። 50ን ለ1,400 ብታካፍሉ ወደ 0.036 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሳጥኑንም አባዙት፤ 0.5 በ0.4 በ0.18 ያው 0.036 ነው። ሳጥኑ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ እኩያ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 1፡2፡3 ሲባል የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ሳያስፈልገው ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገለብጣል። ይህን የመለሱት በተግባር ልምምድ ጊዜ ሳይት ላይ ከፎርማኑና ከአናጢው ጋር የዋሉ ልጆች ናቸው። ጥላ ሥር ተቀምጦ የልምምድ ሪፖርት ከሌላ የገለበጠው ልጅ ሳጥኑን አይቶት አያውቅም።

ታናናሾቼ፣ ከዚህ የምትወስዱት ነገር ካለ ይኸውላችሁ፦ ፈታኙ የሚፈልገው ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ከባድ ምዕራፍ አይደለም። ነገ ሳይት ብልክህ፣ ብልክሽ፣ ኮንክሪት ሲፈስ ምን ታያለህ፣ ስላምፕ ለምን ትለኪያለሽ፣ ኪዩቡን በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ለምን ትሰብሩታላችሁ ነው የሚለው። ቴክ ኦፍ ሺት መሙላት፣ ሌቭል ማንበብ፣ ስፔሲፊኬሽን መረዳት። ይህን ይዛችሁ ግቡ።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለቃለ መጠይቅ የተመረጡት ስድስት ነበሩ። በአንደኝነት የደብረ ማርቆሱ ጓደኛችን፤ እኔ ከእሱ በ4 ነጥብ አንሼ ሦስተኛ። ደስታችን ግን አምስት ደቂቃም አልቆየ። ከዝርዝሩ ሥር «ቃለ መጠይቁ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይላል። የተለጠፈው ከሰዓት በኋላ ነው። በስልክ የተነገረው ሰው የለም፤ ሰሌዳውን ያየ አየ፣ ያላየ ቀረ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሬ ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ኖሮ። ማታ 2 ሰዓት ላይ በጎረቤት ስልክ አገኘነው። በዚያ ሰዓት ከደብረ ማርቆስ የሚነሣ መኪና የለም። ንጋት ላይ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ። እኔ ጠዋት ፓነሉ ፊት ስቀርብ ከራሴ ጉዳይ በፊት «አንደኛ የወጣው ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ነው፤ እባካችሁ እስከ ከሰዓት ጠብቁት» ብዬ ለመንኩ። ሰብሳቢው በትሕትና ሰሙኝና «ልጄ፣ ሰዓት ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ብንጠብቅ ለሌላው ምን እንላለን?» አሉኝ። እሳቸው እንደ ደንቡ ተናገሩ። ደንቡ ግን ሲወጣ ደብረ ማርቆስን አላሰባትም። ጓደኛችን መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ፓነሉ ተበትኗል። ለዚያች የሥራ መደብ አባይን ስድስት ጊዜ ወርዶ ወጣ። ቦታውን ግን አላገኘም።

ከሁለቱ ቦታዎች አንዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የማንንም አልወሰድኩም፤ ተፈትኜ ነው የገባሁት። ይሁን እንጂ 14 ዓመት ሙሉ ያቺ አራት ነጥብ ከእኔ ጋር ናት። እሱ ዛሬ በራሱ ጥሮ ጥሩ ደረጃ ደርሷል፤ ይህን እንድናገርም ፈቅዶልኛል። «ስሜን ብቻ ተዪው፣ ሰሌዳውን ግን ንገሪልኝ» ነው ያለኝ።

በቃለ መጠይቁ ላይ ለእኔ የቀረበልኝን ጥያቄም ልናገር፣ ለሴት ተመራቂዎቻችን ይጠቅማል። «ሳይቱ ገጠር ነው፤ ድንኳን ማደርም አለበት፤ ትችያለሽ?» ተባልኩ። «ከእኔ በፊት የገባውንም ወንድሜን ይህን ጠይቃችሁት ከሆነ እመልሳለሁ» አልኩ። ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ሳቁና «አልጠየቅነውም፤ እውነቷን ነው» አሉ። ቀጥለው ስለ ቦዩ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በጾታ ልዩነት ማድረግን ይከለክል ነበር፤ እንዲያውም ተቀራራቢ ውጤት ካላት ሴት ተወዳዳሪ ቅድሚያ ይሰጣት ይላል። ስለዚህ እህቶቼ፣ መብታችሁን በጨዋ አንደበት ጠይቁ። እኔ ባለሁበት ጠረጴዛ ዛሬ ያ ጥያቄ ከተጠየቀ ለሁሉም ይጠየቃል፤ ካልሆነም ለማንም አይጠየቅም።

ካለፋችሁ በኋላም ነገሩ አያልቅም። የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ ቃለ መሐላ፣ ከዚያም የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አለ። የሙከራ ጊዜውን እንደ ዕረፍት የሚያይ አለ። እኔ ያን ስድስት ወር ከዩኒቨርሲቲው አምስት ዓመት እኩል ነው የምቆጥረው፤ ፎርማኖች አስተምረውኛል።

አሁን ጠረጴዛውን ዞሬ በፈታኙ ወንበር ልቀመጥ።

ፈተና የምናዘጋጅ ሰዎች ጥያቄውን አዘጋጅተን በታሸገ ፖስታ እናስረክባለን። የምናርመው ኮድ እንጂ ስም አይደለም። ውጤቱ ተደምሮ በቃለ ጉባኤ ከተፈረመ በኋላ ነው ኮድና ስም የሚገናኙት። ይህ ሥርዓት በደንብ ሲሠራ ደስ ይላል። እኔ የማርመው 31 ቁጥርን ነው፤ ልጁ የሚኒስትር ልጅ ይሁን የገበሬ ልጅ አላውቅም።

ችግሩ ስልኩ ነው። ቅጥር በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። የማይታወቁ ሰዎች ቢሆኑ አይከብድም ነበር፤ የሚደውሉት የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። «እህት፣ የእኛው ልጅ ነው፣ የፖሊ ልጅ፤ እይልኝ» ይላሉ። ከዚህ አዳራሽም የደወላችሁልኝ አላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ስም አልጠራም። (ሳቅ)

በቀልድ ጀመርኩት እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። «እይልኝ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ለ31 ቁጥር ሦስት ነጥብ ብጨምር፣ ከሌላ ሰው ሦስት ነጥብ ቀንሼ ነው። የሁለት ቦታ ሒሳብ እንደ ቦዩ አፈር አያብጥም፤ ሁለት ሁለት ነው። የምቀንስበት ሰው ደግሞ ደዋይ የሌለው ነው። በ2003 ለእኔ የደወለልኝ ሰው አልነበረም። ያ አራሚ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ሰው፣ 47 ቁጥርን እንደ 47 ቁጥር አየልኝ። ዛሬ እዚህ ልናገራችሁ የቆምኩት ያ ሰው ስልኩን ስላላነሣ፣ ወይም አንሥቶ እምቢ ስላለ ነው።

«ሌላው ሁሉ የራሱን ወገን እየረዳ እኛ ብቻ ጻድቅ እንሁን ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። የባች ጓደኛዬ ትናንት ይህንኑ ጠይቆኛል፤ ንዴቱም አይገርመኝም፤ ጥሩ ውጤት ያላት እህቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። የምመልሰው ይህን ነው፦ የፖሊ ልጅ በስልክ ይገባል የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ፣ በላቡ የገባውም የእኛ ልጅ ከዚያ በኋላ በስልክ እንደገባ ይቆጠራል። ቀጥሎ ሳይት ላይ ፎርማኑ አያምነውም። የእህቱም ዲግሪ በዚያው ይረክሳል። ወገን መርዳት ከፈለግን የፈተናውን ወረቀት ሳንነካ የምንረዳበት ሰፊ ቦታ አለ።

እሱ ነው እንግዲህ ሐሳቤ። ለማኅበራችን አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማደሪያ። ከክፍለ ሀገር ለፈተና የሚመጣ ተመራቂ አዲስ አበባ ለሁለትና ሦስት ሌሊት የሚያድርበት ይፈልጋል። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ቤት ትርፍ ፍራሽ አይጠፋም። ፈቃደኞች ስማችንን ለጽሕፈት ቤቱ እንስጥ።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳ። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሰዎች በራችን ላይ የሚለጠፈውን የቅጥር ማስታወቂያ፣ የፈተና ቀንና የውጤት ዝርዝር በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሥተን በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን እንልቀቅ። ሕዝብ እንዲያየው የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ምስጢር አይደለም። ለሁሉም እኩል ይድረስ፤ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጅም ቢያየው ይጠቀምበት። ያ ጓደኛችን ይህ ቢኖርለት ኖሮ ምናልባት ከሰዓቱ አውቶቡስ ይደርስ ነበር።

ሦስተኛ፣ ልምምድ። በወር አንድ ቅዳሜ የየትምህርት ክፍሉ ነባር ባለሙያዎች ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጠን መሠረታዊ ጥያቄ እንሥራ፣ የይስሙላ ቃለ መጠይቅ እናድርግ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ ዘንድሮ የተመረቁት ንድፈ ሐሳቡን አንብበዋል። የሚጎድላቸው ሳጥኑ ነው። ሳይት ያላችሁ ተቋራጮች ልጆቹን ለአንድ ሳምንት ብታስገቡልን ከመቶ ሌክቸር ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ማናችንም ፈተና በምናዘጋጅበት ወቅት ከዚህ ልምምድ እንውጣ። እኔም መሥሪያ ቤቴ ቅጥር ባወጣ ቁጥር ከቅዳሜው እቀራለሁ፤ ደብዳቤውንም ለጽሕፈት ቤቱ አስገባለሁ።

አራተኛው ደግሞ ስልኩ። እንዳንደውል። እንዳንቀበል። ይህን በማኅበሩ መተዳደሪያ ላይ እንጻፈው አልልም፤ ዛሬ ፊት ለፊት ስንተያይ እንስማማና ይብቃን።

ለታናናሾቻችን ሁለት ነገር ጨምሬ ልጨርስ። አንዱ፣ ለመንግሥት ቅጥር ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሥራ ሳይሆን ውሸት ነው የሚሸጥላችሁ። ያላችሁን ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት አድርጉት። ሁለተኛው፣ ማስታወቂያ አትደባበቁ። ዛሬ ከጎናችሁ የተቀመጠው ተወዳዳሪያችሁ ነው፤ ነገ ግን በአንዱ ሳይት ላይ ሌቭሉን እናንተ ስታነቡ ስታፉን የሚይዝላችሁ እሱ ነው።

እኔ ለቡ ባለው ቤቴ አንዲት ክፍል አለችኝ። ወደ እኔ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ሌላ ለፈተና ለሚመጡ ሴት ተመራቂዎች ክፍት ናት። ሻይም አለ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ እዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌአለሁ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።